«ሁለት ሴት አሸነፍን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
የመረብ ኳስ ቃላት ለጀማሪዎች (በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መረብ ኳስ እንጫወት ብለን ከወሰንን ወዲህ አንድ ነገር አስተውለናል። በመጀመሪያው ቀን ከመጡት እናቶችና እህቶች ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ቀሩ። ብንጠይቃቸው ጉልበት አነሰኝ ያለች የለችም። «ሮቴሽን! ሲባል ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም፣ ዳር የቆሙት ልጆች ይስቁብናል» ነው ያሉን። እኛ በሂሳብ ክፍል የምንሠራው ይህ አልገረመንም። ቁጠባ ስንጀምርም «ዴቢት»፣ «ክሬዲት» ሲባል ደብተሩን የሸሸው ብዙ ነበር፤ «የገባ»፣ «የወጣ» ሲባል ግን ሁሉም ሂሳቡን ይጠይቅ ጀመር። ስለዚህ ዛሬ ቃላቱን እንፍታቸው።

ጨዋታው ከመነሻው ለእኛ ቢጤ የታሰበ ነው። ዊልያም ሞርጋን የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት መምህር በ1895 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ማለትም ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የቅርጫት ኳስ ሩጫና ግፊያ ለሚከብዳቸው ጎልማሳ ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች ብሎ ነው። ወንበር ላይ ለምንውል ሰዎች ማለት ነው።

ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። መረቡ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር፣ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43 ከፍ ይላል። የእኛው፣ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና መካከል የታሰረው፣ ከዚህ ዝቅ ያለ ነው፤ ለጊዜው እንዲሁ ይሁን። በየወገኑ ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ ሦስት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ።

«ሰርቪስ» ጨዋታ የሚጀመርበት ምት ነው። በገና ጨዋታ ሩሯ «ተለጋች» እንደሚባለው፣ እዚህም ኳሷን ከኋላ መስመር ውጭ ቆሞ በእጅ መለጋት ነው። መስመሩን ረግጣ የለጋች ነጥቡን ለተቃራኒ ትሰጣለች፤ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለች ያደገች ሁሉ ይህን ሕግ ታውቀዋለች። ከራስ በላይ ካልመታችሁ የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት፤ ከሥር ወደ ላይ መምታትም የተፈቀደ ነው። ደግሞ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ነፋሱም አለ፤ ኳሷ ካሰባችሁት በላይ ልትርቅ ትችላለች።

ኳሷ ወደ እኛ ስትመጣ መልሰን ለማሻገር ሦስት ንክኪ አለን። የመጀመሪያው «ሪሲቭ» ነው፤ ሁለት ክንድ አጋጥሞ መቀበል። ሁለተኛው ማመቻቸት፣ ሦስተኛው «ስማሽ»፣ ኳሷን ከላይ ወደ ታች አክርሮ መምታት። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለሦስተኛው ነው። በእኛ ግምት ግን ጨዋታው ያለው በሁለተኛዋ፣ በአመቻቿ እጅ ነው፤ እሷ ኳሷን በጣቶቿ ከፍ አድርጋ ካላስቀመጠችላት መቺዋ የምትመታው የላትም። አንዲት ተጫዋች በተከታታይ ሁለቴ መንካት አይፈቀድላትም፤ ኳሷን መያዝም ክልክል ነው። «ብሎክ» ደግሞ መረቡ አጠገብ ዘልሎ በእጅ መጋረድ ሲሆን፣ ከሦስቱ ንክኪ አይቆጠርም።

አሁን ያቺ ያስሸሸችን «ሮቴሽን»። ተቃራኒ ቡድን ለግቶ ነጥቡን እኛ ስናገኝ፣ የመለጋቱ ተራ ወደ እኛ ይመጣል። ያኔ ሁላችንም እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር አንድ አንድ ቦታ እንሸጋገራለን። የጽዋ ማኅበር ተራ ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞረው ነው፤ ለዘላለም ፊት የምትቆም፣ ለዘላለምም ኋላ የምትቀር የለችም። እየለጋን ነጥብ ካገኘን ግን ከቦታችን አንነቃነቅም።

ወደ «ሴት» እንምጣ። ይህ ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን አንዱን የጨዋታ ክፍል ያመለክታል። አንድ ሴት እስከ 25 ነጥብ ነው፤ ነገር ግን በሁለት ነጥብ መብለጥ ግድ ስለሆነ 24 ለ 24 ከሆነ ይቀጥላል። ሦስት ሴት የቀደመ ያሸንፋል፤ ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛው እስከ 15 ብቻ ነው። ስለዚህ «ሁለት ሴት አሸነፍን» ሲሉ ብትሰሙ ሴቶች የተሸነፉ አይምሰላችሁ።

በልጅነታችን ገና የወንዶች ነበር፤ ለእኛ እንግጫ ነቀላና ቅልልቦሽ ነበረን። ኳስ ለሴት አይሆንም የሚል ዛሬም አይጠፋም። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሎምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በቡድን ኳስ ለሜዳሊያ ይወዳደሩ ነበር፤ ጨዋታውም መረብ ኳስ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የጃፓን ሴቶች ሶቪየት ኅብረትን ሦስት ሴት ለዜሮ ረትተው ወርቁን ወሰዱ። አብዛኞቹ የአንድ የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፤ ልምምዳቸውም ከሥራ በኋላ ነበር።

ለኳስና ለመረብ የወጣው ገንዘብ በደብተራችን «ለአባላት ጤና» በሚለው ርዕስ ሥር ተመዝግቧል፤ ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ለጋሽም ሆነ አባል ይጠይቀን። በቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስ ይመቻል፤ ነጠላችሁን የሚይዝ ሰው እናዘጋጃለን። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኝ። ነጥብ የምትመዘግብ አንዲት ሰው ገና አላገኘንምና፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።