«ርስት» ስል ለምን ትስቃላችሁ?

(በአዲስ አበባ የሚኖሩ የደባርቅ፣ የዳባትና የአካባቢው ተወላጆች ባደረጉት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ፖለቲካ እንድናገር ስትጋብዙኝ «ያንን ወግ አጥባቂነትህን ይዘህ እንዳትመጣ» ያላችሁኝ ነበራችሁ። ይዤው መጥቻለሁ፤ ምን ላድርግ? በደርግ ጊዜ እንደኔ የሚያስብ ሰው «አድኃሪ» ይባል ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ «ትምክህተኛ» ተባለ። አሁን ደግሞ «ጽንፈኛ» ወይም «ያለፈው ሥርዓት ናፋቂ» ነው። ስሙ በየመንግሥቱ ይለዋወጣል እንጂ ሰውየው ያው ነው። እኔ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ በየጋዜጣው ጽሑፍ እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። ናፍቄ የማስመልሰው ፊታውራሪነት የለኝም።

ነገሬን ከቡይት ራስ ልጀምር። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ስትወጡ፣ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር የሚነጭበት ሜዳ ላይ ቆማችሁ ገደሉን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲያ፣ ከሳንቃ በር ባሻገር፣ ግጭ የሚባል የእስላም መንደር ነበር። ነበር ነው የምለው። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራ ከነቤተሰቡ ተነሥቶ ደባርቅ ከተማ ሰፈረ። ካሳ ተቆጠረለት፣ የቤት መሥሪያ ቦታም ተሰጠው። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ካሰፈረበት «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ሰረዘው።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። እኔ ዋልያ ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። ያገኘውን ጠብቆ ለልጁ የሚያወርስ ሰው ነው ወግ አጥባቂ የሚባለው፤ ዋልያም የተረከብነው ነው። ፓርኩንም ያቋቋሙት በ1962 ዓ.ም. ጃንሆይ ናቸው። ግጦሹ ተራቁቶ እንደነበረም ዓይን ያለው ሁሉ አይቷል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የግጭ ገበሬ «አልሸጥም» ወይም «በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ» ለማለት ምን ሥልጣን ነበረው? ምንም! ሻጭ አልነበረማ፤ «ተነሺ» ነበር። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ለቤቱና ለዛፉ ይከፈለዋል፤ አባቱና አያቱ ለተቀበሩበት አፈር ግን ዋጋ የለም፤ አፈሩ የሱ አይደለምና።

የማን ነው ታዲያ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ «የሕዝብ» አደረገው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ተባለ። «የሕዝብ» የተባለ ነገር ቁልፉ የማን ኪስ እንደሚገባ እናውቃለን! ደርግ በ1970ዎቹ መባቻ ከፓርኩ የቆላ ተዳፋት መንደሮችን በኃይል አስነሣ። ኢሕአዴግ በስብሰባና በካሳ አስነሣ። አነሣሡ ይለያያል፣ የኋለኛው ይሻላልም፤ ባለመሬቱ ግን አንድ ነው። ገበሬው በእጁ ያለው አረንጓዴ ደብተር የይዞታ ነው፤ በአማርኛችን «እስክንፈልገው ድረስ ረስበት» ማለት ነው።

አሁን «ርስት» ስል ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ለምን ትስቃላችሁ? ርስትና ጉልት ተምታቶባችሁ እንዳይሆን። ጉልት ንጉሡ ለሹሙ የሚሰጠው የግብር መብት ነው፤ ይሰጣል፣ ይነሣል። ርስት ግን በአባትም በእናትም ተቆጥሮ የሚደርስ የዘር ድርሻ ነው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ሲባል ቀልድ አልነበረም፤ ሹም ሲሻር ሲሾም ባላገሩ እዚያው ነው።

እርግጥ ነው፣ ያ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት። በኛው ጎንደር እስላሙና ቤተ እስራኤሉ በአመዛኙ ከርስት ተነፍጎ በሽመና፣ በንግድ፣ በሸክላና በብረት ሥራ ኖሯል። በደቡብም ገባሩ በገዛ ቀዬው ጢሰኛ ሆኖ ነበር፤ ለሱ «መሬት ለአራሹ» እውነት ነበረች። ግን መድኃኒቱ ለተነፈገው መስጠት ነበር ወይስ ከሁሉም ነጥቆ ሁሉንም ጢሰኛ ማድረግ? የተደረገው ሁለተኛው ነው። የጎጃም ገበሬ እኮ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ መሣሪያ ያነሣው «መሬቴ ተለክታ ልትወሰድ ነው» ብሎ ነው። ጃንሆይ እንኳ፣ ያን ሁሉ ጦር ይዘው፣ በመጨረሻ አገረ ገዢውን አንሥተው ውዝፉን ትተዋል። ርስት ያለው ገበሬ ለንጉሥም አይመችም ነበር። ለዚህ ነው የምወደው።

«ይህ የገጠር ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አዲስ አበቤዎች ትኖራላችሁ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ የት ነበራችሁ? ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ በ2004 የሊዝ አዋጅ ደግሞ ቦታን በኪራይ የሚያከራየው መንግሥት ብቻ መሆኑ ጸና። እንግዲህ «ኮሪደር ልማት» ሲመጣ ማን ተከራክሮ ያስቆም? ስንት ትውልድ ያሳደገ ሰፈር በጥቂት ቀናት ሜዳ ሆነ። የግጭ ሰውና የፒያሳ ሰው አይተዋወቁም፤ ያስነሣቸው ሕግ ግን አንድ አባት አለው።

መሬቱን የሚጠብቀው ማን እንደሆነም በ2011 ዓ.ም. አይተናል። ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ አገሪቱ ውኃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር እንኳ አልነበራትም፤ ከኬንያ መጣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእስራኤል መጡ። እነሱ እስኪደርሱ ቅጠልና አፈር ይዞ ከነበልባሉ ጋር የተናነቀው የአካባቢው ባላገር ነው። «ለፓርኩ ስጋት ነው» የሚባለው ያ ባላገር!

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልናገርም፤ ቁስሉ አልደረቀም። በነሐሴ 2013 መጨረሻ ዳባት ውስጥ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ በትግራይ ኃይሎች የተገደሉት ንጹሐን ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ እርስ በርስ ነው። መንግሥትን እቃወማለሁ፤ ሆኖም መንገደኛ አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው «ታጋይ» ብላችሁ እንዳታስጨበጭቡኝ። በኛ አገር ሽማግሌ በመካከል ከቆመ ደም እንኳ ይቆም ነበር። ሽማግሌውን በካድሬ ተክተን፣ ካድሬውን በጠመንጃ ተካነው።

ለተቃዋሚ ወዳጆቼም አንድ ነገር፦ ደጃዝማች ውቤ ስሜን ደረስጌ ላይ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት ነበር። የካቲት 1847 ላይ የተቀቡባት ግን ውቤን ያሸነፉት ቴዎድሮስ ናቸው። ሥልጣን ሳይያዝ ሚኒስትርነት የምትከፋፈሉ፣ ደረስጌ ሄዳችሁ ተሳለሙ። ስለ መሬት ያላችሁን አቋም ጠይቄ አጥጋቢ መልስ የሰጠኝ ግን የለም፤ ለካስ የመንግሥት መሬት ነገ ለሚመጣውም ይጣፍጣል።

የምጠይቀው ይኸው ነው። አንቀጽ 40 በምክክሩም በፓርላማውም ለክርክር ይቅረብ። ገበሬው ከይዞታው ሲነሣ ለአፈሩ ዋጋ ይቆጠር፣ እምቢ የማለትና ፍርድ ቤት የመሟገት መብት ይኑረው። እኛ ደግሞ እዚህ ያለን፣ በየዓመቱ ለድግስ ከምናዋጣው ላይ ቀንሰን ለአንድ ጠበቃ እናዋጣ። ደባርቅ የሰፈሩት የግጭ ልጆች አድገዋል፤ አባታቸው የተሰጠው የቤት ቦታ ነው፣ የሚታረስ አይደለም። ምን እንደተከፈለ፣ ምን እንደቀረ ወረቀቱን ሰብስቦ የሚያይላቸው ይኑር። መዝገቡን ከፍቼ አምጥቻለሁ፤ ስም የሚያስመዘግብ ከመውጣቱ በፊት ወደዚህ ጠረጴዛ ይምጣልኝ።