ልጆችና የመረዳዳት ባህል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የኅብረት ሥራ ማህበራት የሚመሩባቸው ዓለም አቀፍ መርሆዎች ሰባት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ማንችስተር ላይ ሲጸድቁ፣ አምስተኛው ስለ ኅብረት ሥራ ለሕዝቡ፣ በተለይም ለወጣቶች ማሳወቅን፣ ሰባተኛው ደግሞ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ማሰብን ይዘዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ማህበሩን ነገ የሚረከበው ልጅ ሰው መርዳትን ከማን ይማራል?

የአገሪቱ አርሶ አደር የሚረዳዳበት ሥርዓት ዱሮም አለው። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በወንፈል ዛሬ ለጎረቤቱ ያጨደ ነገ ይታጨድለታል። በደቦ ጠሪው ጠላውንና እንጀራውን አሰናድቶ ወገኑን ይጠራል። ለአቅመ ደካማ የሚሠራው ሥራ ግን ብድር አይመለስበትም፣ ድግስም አይጠበቅበትም። በጎ ፈቃድ የሚባለው ይኸኛው ነው።

ወንፈልን ልጅ ቶሎ ይረዳዋል፤ ጥቅሙ ይታየዋልና። በጎ ፈቃድን ግን ካላሳዩት አያውቀውም። የደረሰ ጤፍ ያለ ወቅቱ ዝናብ ካገኘው ይረግፋል። አጫጅ ያጣች አንዲት አረጋዊት ማሳቸው ጥቂት ቀን ቢዘገይ የዓመት ቀለባቸውን ሊያጡ ይችላሉ። አባት የራሱን አጨዳ አቋርጦ ወደዚያ ማሳ ሲሄድ ልጁ "ምን ይሰጡናል?" ብሎ ቢጠይቅ ሊቆጡት አይገባም። "ምንም አይሰጡንም። እሳቸው ግን ዓመቱን አይራቡም" ብሎ መመለስ ይበቃል።

ወላጆች አራት ነገሮችን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሥራው ለዕድሜው የሚመጥን ይሁን። ለአጫጆች ውሃ ማቀበል፣ ከብት ከማሳ መመለስ፣ ለአረጋውያን መላላክ የልጅ አቅም ነው። ማጭድ ይዞ ከአዋቂ ጋር መሽቀዳደምና የፀረ ተባይ ርጭት ያለበት ቦታ መዋል ግን አይደለም። ከትምህርቱም ሊያስቀረው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ማንን መርዳት እንደሚሻ ራሱ ይምረጥ። ታዝዞ ብቻ የሠራ ልጅ መታዘዝን እንጂ በጎ ፈቃድን አልተማረም።

ሦስተኛ፣ ለሠራበት ገንዘብ አይሰጠው፤ ይልቁንም ውጤቱን ይይ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ቢያሳዩት፣ ድካሙ ለምን እንደዋለ ይገባዋል።

አራተኛ፣ የተረዳውን ሰው ስም እያነሳ እንዳያወራ ይመከር። ክብርን የሚነካ እርዳታ ጉዳቱ ያመዝናል።

መሠረታዊ ማህበራትም በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ከልጆችና ከወላጆች ጋር መክረው፣ በቀበሌው ማን ምን እንደቸገረው ቢለዩ ሰባተኛው መርህ ከወረቀት ወደ ሥራ ይወርዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ከሃምሳዎቹ መካከል ልጆችም ይቆጠሩ።

መልካም በዓል!