የኮምፒዩተርን ፍጥነት ከመጨመር በፊት



በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የታወቀ ስሞታ አለ። ኮምፒዩተሩ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል ሲከፈት ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ደመወዝ የሚሰላበትን ትልቅ ሠንጠረዥ ሲከፍቱበት ያመነታል፥ ማራገቢያው ይጮኻል፥ ባለጉዳዩም በመስኮቱ በኩል ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከወጣቶቹ ሠራተኞች አንዱ «ይህማ ምን ችግር አለው፤ ኦቨርክሎክ እናድርገው» ማለቱ አይቀርም። ይህ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነና ምክሩም በእኛ አገር አየር ምን ያህል እንደሚያዋጣ ዛሬ እንመረምራለን።

ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተር ክፍል ሥራውን ሁሉ የሚያከናውነው በተመጠነ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱ በአንድ ሴኮንድ ሦስት ቢሊዮን ጊዜ ቢመታ ፍጥነቱ 3 ጊጋኸርዝ ነው ይባላል። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት እንግዲህ ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ እንዲመታ ማስገደድ ነው። ነገሩ ተረት አይደለም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ለ300 ሜጋኸርዝ የተሠራ ሲሆን፥ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው 450 ሜጋኸርዝ አድርሰው ተጠቅመውበታል። ዛሬ ግን ይህን ትርፍ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ደርሰውበታል። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱና ኀይሉ እስከ ፈቀዱለት ድረስ በራሱ ፍጥነቱን ከፍ እንዲያደርግ አድርገው ስለሚሸጡት፥ ለገዢው የሚተርፈው ቃርሚያ ነው። ከዚህም በላይ ለመሥሪያ ቤት ከሚገዙት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ምታቸው የተቆለፈ ነው፤ ኢንቴል በአመዛኙ ለዚህ ሥራ የሚፈቅደው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ላለባቸው ዐይነቶች ነው።

ለፍጥነቱ የሚከፈለው ዋጋ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ የሚፈጀው ኀይል ከምቱ ጋር በልክ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በካሬው ነው። ምቱን በመቶ 10 ለመጨመር ቮልቴጁንም በመቶ 10 ከፍ ማድረግ ግድ ቢሆን፥ 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.33 ይመጣል። ይኸውም ለመቶ 10 ፍጥነት በመቶ 33 የሚበልጥ ሙቀት መክፈል ነው፤ 65 ዋት ያወጣ የነበረው 86 ዋት ያወጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚፈልቀው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ ከማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ነው። ኢንቴል ራሱ 4 ጊጋኸርዝ ሊያደርሰው አቅዶት የነበረውን ፔንቲየም 4 በ2004 እ.ኤ.አ. ሰርዞ፥ አንዱን ኮር ከማስሮጥ ሁለትና አራት ኮር ጐን ለጐን ወደ ማስቀመጥ የዞረው ሙቀቱ መንገድ ስለ ዘጋበት ነበር።

ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ምቱን ዝቅ ያደርጋል። ባለሙያዎች ይህን ተርማል ትሮትሊንግ ይሉታል። ልኩ በብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፥ ኤ ኤም ዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ራይዘን 7000 በሚባሉት ደግሞ 95 ነው። አራሽ ገበሬ በሬዎቹ በቀትር ፀሐይ ምላሳቸውን ሲያወጡ ጥላ ሥር ያሳርፋቸዋል እንጂ ጅራፍ አያበዛባቸውም። ከቀትር በኋላ የሚያዘግመው ኮምፒዩተርም ብዙውን ጊዜ ያጣው ፍጥነት ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ይህን በመሰለ መኪና ላይ ኦቨርክሎክ ቢጨመርበት የባሰ ይሞቃል፥ የባሰ ከሞቀም የባሰ ይዘገያል።

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን አየር እናምጣው። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኘው ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በጅቡቲ ዳርቻ ካለው አየር በመቶ 17 ያህል የሳሳ ነው፤ በአዲስ አበባማ ልዩነቱ በመቶ 20 ይደርሳል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚዞረው ያንኑ ያህል ዙር ቢሆንም፥ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለ ሆነ የሚሸከመውም ሙቀት ያነሰ ነው። በውጭ አገር በባሕር አጠገብ ተፈትኖ «ይህ ማቀዝቀዣ ለዚህ ፕሮሰሰር ይበቃል» የተባለው ቃል ሲሪንቃ ሲደርስ ጥቂት ዲግሪ ይጐድለዋል። የክፍሉ አየር ከቆላው የቀዘቀዘ መሆኑ ከዚህ ከፊሉን ይክሳል፤ በር ተዘግቶ ስድስት ሰው በሚሠራበት ጠባብ ቢሮ ግን ይህም ካሣ አይገኝም። ለማነጻጸር ያህል፥ ሲሪንቃ ላይ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ልኩን ነካ ሲባል በዚያው ቢሮ ከሚፈላው የሻይ ውኃ በልጦ ሞቋል ማለት ነው። በበጋ ከማሳውና ከመንገዱ የሚነሣው አቧራም በሙቀት አውራጁ ብረት ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ የቀረውን መተንፈሻ ይዘጋል።

ሲሪንቃን የጠራነው ለከፍታዋ ብቻ አይደለም። በዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ያጠረውን ቆላ የሚችል፥ አቀንጭራ የተባለውንም ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ለማግኘት ሲደክም የኖረ ነው። የእንዲህ ያለው ድካም ፍሬ በመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ማሳ የተመዘነው ምርት ተሰልቶ የትኛው ዘር ለገበሬው እንደሚሰጥ ይወሰንበታል። ከወሰኑ በላይ የተገፋ ፕሮሰሰር አንዳንድ ጊዜ በሥራ መካከል ይዘጋል፤ ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ክፉው፥ ሳይዘጋና ምንም ምልክት ሳያሳይ የተሳሳተ ቁጥር ማውጣቱ ነው። የሦስት ክረምት የማሳ ሥራ በአንድ የተዛነፈ ስሌት ቢበላሽ ማን ያውቀዋል? የጡረታ ሒሳብ ለሚያሰላው ሠራተኛም ነገሩ ያው ነው። በሙቀት የዘገየው ኮምፒዩተር ግን ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሒሳቡን አያዛባም፤ በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የሚታመነው እርሱ ነው።

ዕቃው በቀላሉ የሚተካ አለመሆኑንም ማሰብ ይገባል። ሰሜን ወሎ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጦርነት ውስጥ በነበረ ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የሲሪንቃው ማዕከልም ከተጐዱት አንዱ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ መለካት ነው። ኤች ደብሊዩ ኢንፎን የመሰለ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀት በዲግሪ ያሳያል፥ ከሙቀት የተነሣ ፍጥነቱን ቀንሶ እንደ ሆነም ይናገራል። ቀንሶ ከተገኘ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ንብረቱ የመንግሥት ስለ ሆነ ግን የሚመለከተው ባለሙያ ሳያውቅ መፍቻ ማንሣት አይገባም። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፥ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፥ አቧራው በደረቅ አየር ይነፋል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ተርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ደርቆ ከሆነ ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት ይደረግበታል። ሣጥኑም ከግድግዳ ይራቅ፤ በላዩና በጐኑ ፋይል መከመር በመሥሪያ ቤቶቻችን እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም።

ምቱ ያልተቆለፈ ኮምፒዩተር ያለውና ዕውቀቱም ያለው ሰው ደግሞ ከኦቨርክሎክ ተቃራኒውን ቢሞክር ይሻለዋል። ምቱን ሳይነካ ቮልቴጁን በመቶ 5 ዝቅ ቢያደርግ የሚፈጀው ኀይል በመቶ 10 ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ስለ ወረደም ፕሮሰሰሩ ከፍ ባለው ፍጥነት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህም ቢሆን ያለ ፈተና አይሠራበትም፤ ቮልቴጁ ያነሰው ፕሮሰሰር እንደ ተገፋው ሁሉ ሊሳሳት ይችላልና፥ ለብዙ ሰዓት ከባድ ስሌት አስጭኖ ውጤቱን ከታወቀ መልስ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሩ ከጸዳ በኋላ በሥራ ሰዓት የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ከነቀኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከሣጥኑ ጐን ለጥፉት፤ በሚመጣው ወርም በዚያው ሰዓትና በዚያው ሥራ ለክታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ።