የተዘበራረቁ ሆሄያት፦ ዕለታዊውን የቃል እንቆቅልሽ በአማርኛ ስለ መጫወትና ስለ መፍታት

በልደታ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእስ ለእንዲህ ያለ መድረክ ቀለል ያለ ሳይመስላችሁ አይቀርም። የምንነጋገረው በጋዜጣ የውስጥ ገጾች፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልካችን ላይ ስለሚቀርበውና የአንድን ቃል ሆሄያት አዘበራርቆ «መልሳችሁ አቅኑት» ስለሚለን ጨዋታ ነው። በዕለታዊነቱ ከታወቁት አንዱ «ጃምብል» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ማርቲን ናይዴል የጀመረው ነው። ጨዋታው ወደ አማርኛ ሲመጣ ደንቡ አይለወጥም፤ ጠባዩ ግን ይለወጣል። ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ልማዱ ሊፈታው እየሞከረ የሚሰለቸው ይህን ባለማስተዋሉ ይመስለኛል።

ያለንበትን ሰፈር ስም እንውሰድ። «ልደታ» የግእዝ ቃል ነው፤ «ልደቷ» ማለት ሲሆን፣ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረውን የእመቤታችንን ልደት ያመለክታል። በላቲን ፊደል ብንጽፈው ስድስት ወይም ሰባት ሆሄ ይፈጃል፤ በእኛ ፊደል ሦስት ብቻ ነው። ሦስት የተለያዩ ሆሄያት በ6 መንገድ ይደረደራሉ፤ አራት ሲሆኑ በ24፣ አምስት ሲሆኑ በ120፣ ስድስት ሲሆኑ በ720። እንግዲህ ል፣ ደ፣ ታ ተዘበራርቀው ቢሰጧችሁ ስድስቱን ሁሉ ጽፎ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስትጽፉም ከ«ልደታ» ሌላ «ታደል» የሚል ትእዛዝ ታገኛላችሁ። ሰዋስው የሚወድ ተማሪ ደግሞ «ደልታ»ስ ከ«ደላ» አይወጣም ወይ ብሎ መከራከሩ አይቀርም።

ቃላችን በሆሄ ቁጥር አጭር ቢሆንም እያንዳንዱ ሆሄ የሚሸከመው ብዙ ነው። 33ቱ ሆሄያት በ7 ቅርጽ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ሆሄው ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለያዘ፣ በቃሉ ውስጥ የት መቀመጥ እንደሚወድ በመልኩ ይናገራል። ፈቺው ሊያዳምጠው የሚገባው ይህን ነው።

በምሳሌ ልግለጸው። ሰሌዳው ላይ «ቤ ች ጎ ቶ ረ» ተጽፏል። መንገዱ 120 ነው፤ ግን አንዱንም መሞከር አያሻም። መጀመሪያ «ች»ን ተመልከቱ። የአማርኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ከፊቱ ሳብዕ ሆሄ ይፈልጋል። እዚህ ሁለት ሳብዖች አሉ፤ ጎ እና ቶ። ስለዚህ መጨረሻው ወይ «ጎች» ነው ወይ «ቶች»። በ«ጎች» ብንጀምር ከቀሩት ቤ፣ ቶ እና ረ የሚረባ ነገር አይወጣም። በ«ቶች» ብንሄድ ጎ፣ ረ እና ቤ ይቀራሉ፤ ስድስት መንገድ ብቻ። «ጎረቤቶች» ወዲያው ይታያል። ከ120 ወደ 6 ያወረደን የሰዋስው ዕውቀት እንጂ ዕድል አይደለም።

በዚሁ መንገድ «ነ» እና «ት» አብረው ሲመጡ «ነት»ን ከመጨረሻ አስቀምጣችሁ ሞክሩ፤ «ግ ነ ደ ት» ከ24 ወደ 2 ይወርድና «ደግነት» ይሆናል። «ኛ» ዘወትር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኋላ ይቆማል። በሣልስ የሚጨርሱ ብዙ ቃላት የአድራጊ ስሞች ናቸው፤ አንባቢ፣ ጸሐፊ፣ አራሚ። በግእዝ ሆሄ የሚጨርስ ቃል ካጋጠማችሁ ደግሞ ግስ ጠርጥሩ፤ በዚህ መልክ የሚጨርሱ ስሞች ጥቂት ናቸው፤ አበበና ከበደ እንኳ መነሻቸው ግስ ነው። የሚደጋገም ሆሄም ሥራ ያቀላል፤ «ማስተማር» አምስት ሆሄ ቢኖረውም «ማ» ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ መንገዱ 60 ነው።

አንድ የእጅ ሥራ ምክር ልጨምር፤ ሆሄያቱን በመስመር ሳይሆን በክብ ጻፏቸው። በመስመር ሲደረደሩ ዓይን ሐሰተኛውን ቃል ይለምደዋል። ከዚያም ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የላቲኑ ተጫዋች ተነባቢዎች ሲደራረቡበት ምላሱ ይተሳሰራል፤ የእኛ ሆሄ ግን ለየብቻው ይነበባልና ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ሊፈታ ይችላል። ሳድስ ብቻ ያታልላል፤ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። በ«ደግነት» ውስጥ ያለውን «ግ» ለብቻው ረገጥ አድርጎ የጠራ ሰው ቃሉን ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ወደ አዘጋጆቹ ልዙር፤ በእነርሱ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከሁሉ የሚከፋው እንቆቅልሽ ያለፈ ጊዜ ግስ በሦስት ግእዝ ሆሄያት የሚሰጠው ነው። መ፣ ከ፣ ረ ቢባል መልሱ «መከረ» ነው፣ «ከረመ» ነው ወይስ «ከመረ»? ሦስቱም ንጹሕ አማርኛ ናቸው። በ፣ ሰ፣ ለ ቢባልም «በሰለ»፣ «ለበሰ» እና «ሰለበ» እኩል ቆመው ይጠብቋችኋል። አዘጋጁ አንዱን ብቻ ትክክል ብሎ ሌላውን ስሕተት ሲል ተጫዋቹ መቀየሙ ተገቢ ነው። ለአንድ የሆሄ ስብስብ ከአንድ በላይ መልስ ካለ ሁሉንም መቀበል፣ ወይም ፍንጭ መስጠት፣ ወይም ቃሉን መተው ያስፈልጋል። ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የሳተርንን ግኝቱን 37 ሆሄ ባለው የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሸፍኖ ሲልክ፣ ኬፕለር ስለ ማርስ ሁለት ጨረቃዎች የሚናገር አድርጎ ፈታው። ማርስ በእርግጥ ሁለት ጨረቃዎች እንዳሏት የታየው ከ260 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ለኬፕለር መልካም አጋጣሚ ነው፤ ለእንቆቅልሹ ግን ምስክርነት አይሆንም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ሞክሼ ሆሄያት ነው። ድካም ለመቀነስ ሲባል ሁሉንም በ«ሀ»፣ በ«ሰ»፣ በ«አ» እና በ«ጸ» የሚጽፍ አዘጋጅ ተጫዋቹን የረዳ ይመስለዋል። እኔ ግን ፍንጭ ነሣው እላለሁ። «ሥ» ስትታይ «ንጉሥ»ን፣ «ፀ» እና «ሐ» አብረው ሲታዩ «ፀሐይ»ን የማያስታውስ አንባቢ ማን ነው? ሞክሼዎቹ ቃሉ ከግእዝ መምጣቱን ብዙ ጊዜ ያመለክታሉ።

ፊደልን አዘበራርቆ ማስተማር ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ከዘለቀ በኋላ መምህሩ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ያስይዘዋል። ልብ በሉ፤ ሆሄያቱ ከለመደው ተራ ወጥተው በ«አ በ ገ ደ» ቅደም ተከተል ገብተዋል፤ ቅርጻቸውም ከግእዝ እስከ ሳብዕ በየእርምጃው ይለወጣል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ይቆማል፤ ሆሄውን የለየ ያልፋል። የሥነ ጽሕፈት ሊቁ ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ እኛ ላሉ ፊደላት ሁሉ መጠሪያ የወሰደው ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ስም ነው።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በበርካታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከምንባባቸው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ገበታውን ከላይ እስከ ታች እያዜመ ከመካከሉ አንድ ሆሄ ሲጠቆምበት ዝም የሚል ልጅ በየሰፈሩ አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ በየቀኑ አንድ የተዘበራረቀ ቃል ከአንድ ገጽ ግልበጣ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። መሣሪያውም ውድ አይደለም። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ በጀርባው ሆሄ መጻፍ፣ ልጁ የሚያውቃቸውን ቃላት መምረጥ፣ ከሦስት ሆሄ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ልጁ ያልታሰበ ሌላ ቃል ከሠራ አትቆጡት፤ እሱም መልስ ነው።

የጥያቄው ጊዜ እስኪጀመር ድረስ አንድ የቤት ሥራ ሰሌዳው ላይ ትቼላችኋለሁ፦ «ቅ ሽ እ ል ን ቆ»። መንገዱ 720 ነው። «እ» ከቃል መካከል መግባት ብዙም አትወድም፤ «ን»ም ብዙ ጊዜ ትከተላታለች። የቀረው የእናንተ ነው።