ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ምን እየሠሩ ይውላሉ?

(በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ፣ ከመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በኋላ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ወደዚህ ተራራ የመጣነው በሱዳን መንገድ የቀሩብንን ወገኖቻችንን ለማስታወስ ነው። እንደምታውቁት ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው በእግር ሲጓዙ፣ በበረሓውና በስደተኞች ሰፈር፣ በውሃ ጥም፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል። መታሰቢያቸው እዚህ ቦታ ላይ የተመረቀው በ2007 ነው። ጸሎቱ ተደርጓል፤ እናቶችም አልቅሰዋል። ከመበተናችን በፊት ግን ስለ ሕያዋን ጉዳይ ጥቂት እንነጋገር ብለናል። እነዚያ ወገኖች የተጓዙት ልጆቻቸው በኢየሩሳሌም በክብር እንዲኖሩ ነውና ይህም የእነርሱ ጉዳይ ነው።

በየቤቱ ስንዞር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። «ልጄ ሃይ-ቴክ ይሠራል ይሉኛል፤ ሥራው ግን አይገባኝም። ሐኪም ቢሆን ያክማል፣ ሾፌር ቢሆን ይነዳል፤ እርሱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ይውላል፤ ምን እንደሚሠራ ጎረቤት ቢጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም» ይሉናል። ልጆቹን ስንጠይቃቸው ደግሞ «ለእናቴ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? በአማርኛ ቃሉ የለኝም» ይላሉ። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የአንዱን እንጀራ ሌላው ካላወቀው ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ዛሬ ቃሉን ለመፈለግ እንሞክራለን።

ሥራው ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰው ያዘዘውን ብቻ፣ ባዘዘው ቅደም ተከተል፣ በጣም ፈጥኖ ይፈጽማል። ትእዛዙን የሚጽፍለት ሰው በዕብራይስጥ ወንድ ከሆነ «ሜታኽኔት»፣ ሴት ከሆነች «ሜታኽኔቴት» ይባላል። እኛ ፕሮግራም ጸሐፊ ልንለው እንችላለን።

ሥራውን ለመረዳት ሸማኔን አስቡ። ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ እያንዳንዱን ክር ይቆጥራል። አንድ ክር ከተሳሳተ ስሕተቱ ወዲያው አይታይም፤ ጥበቡ ሲወጣ ነው የሚታየው፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍታት ያስፈልጋል። የፕሮግራም ጸሐፊም ክሩ ቃልና ቁጥር ነው እንጂ ሥራው ይህን ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያዩት ልጅ ክር እየቆጠረ ነው።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ እናቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጎረቤት የሚያርስበትን ማረሻ ከእኛ እጅ እየወሰደ፣ ተመልሶ «ቡዳ» ይለን ነበር። የእጅ ሙያ የስድብ ምክንያት በሆነበት አገር ሙያችንን ይዘን ቆየን። ዛሬ የልጅ ልጆቻችን የሚሠሩት ሥራ ከሁሉ የተከበረ ቢባልም፣ ሥሩ ያው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው። «እኛ ከዚህ ሥራ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ወላጅ ካለ መልሱ ይህ ነው።

አንድ የሥራ ቀን

ጠዋት የቡድኑ ሰዎች ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ትናንት የሠራውን፣ ዛሬ የሚሠራውንና ያስቸገረውን ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚከፋፈለው ለሁለት ለሁለት ሳምንት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ይሰጣቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ወንበሩ ይሄዳል። ውጭ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጽፉ ይመስለዋል። አብዛኛውን ሰዓት ግን ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈውን ያነባሉ፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ለመረዳት ይደክማሉ። የጻፉትን ደግሞ ጓደኛቸው ሳያነበውና ሳይመረምረው አይወጣም። ቀጥሎ ፈታኞች ሆን ብለው ሊያበላሹት ይሞክራሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከእኛም ልጆች ብዙዎች ወደ መስኩ የገቡት በዚህ በር ነው። ሁሉም ካለፈ በኋላ ሥራው ለሕዝብ ይወጣል።

የወጣውም ሥራ ሩቅ አይደለም። በኩፓት ሆሊም ሐኪም ዘንድ ተራ የምትይዙበት፣ አውቶቡሱ መቼ እንደሚደርስ የሚነግራችሁ፣ ባንክ ያለውን ገንዘብ የሚያሳያችሁ ሁሉ እንዲህ ካለ ጠረጴዛ የመጣ ነው። በዚህችው በኢየሩሳሌም በ1999 የተቋቋመው ሞቢልአይ፣ መኪና ሊጋጭ ሲል በካሜራ አይቶ ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሠርቶ፣ በ2017 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ15.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በአገሪቱ ከአሥር ተቀጣሪ አንዱ ገደማ በሃይ-ቴክ መስክ ይሠራል።

የአንድ ቅጽ ነገር

አሁን ትንሽ የሚመስል ግን እኛን የሚነካ ሥራ እንመልከት፤ ቅጽ መሥራት። ለአንድ ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊ «ሰው ስሙንና የልደት ቀኑን የሚሞላበት ገጽ ሥራ» ይባላል። ቀላል ይመስላል። ግን የሚሠራው ሰው ብዙ ነገር መወሰን አለበት። ስም ስንት ክፍል አለው? በእኛ ባህል ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት ስም፣ ከዚያም የአያት ስም ይመጣል፤ እዚህ ግን የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን አለ፤ በዚህ ምክንያት ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም የተመዘገቡበት ቤት አለን። የልደት ቀንስ? ብዙ ሽማግሌዎቻችን የተወለዱበትን ዘመን የሚያውቁት በአዝመራው ወይም በዘመኑ በሆነው ነገር ነው። ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት በመጣበት በ1991 ዘመቻ ሰሎሞንም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ስንመዘገብ፣ ቀኑ ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላቸው፣ ወይም ዓመቱ ብቻ ተጽፎ ቀንና ወሩ ባዶ የቀረላቸው ብዙዎች ናቸው። ቅጹን የሠራው ሰው ቀንና ወር ካልተሞላ አላሳልፍም ብሎ ካዘዘው፣ የሰባ ዓመት አባት በኮምፒዩተሩ ፊት ቆመው ይቀራሉ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ቅጹ ሲሠራ ስለ እነዚህ አባት የሚያውቅ ሰው አልነበረም እንጂ።

የፊደል ነገርም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ሁለቱን በአንድ መስመር ስታስገቡ ቃላቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ነጥቡም ወደማይገባበት ይዘልላል። ይህን ማስተካከል ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ በአማርኛ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው ገጽ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ይህም የሆነው ለፊደሉ የሚቆረቆሩ ባለሙያዎች ስለ ነበሩ ነው። ዛሬ እናት በስልኳ ለልጅዋ በአማርኛ መልእክት የምትልከው በእነርሱ ድካም ነው።

ልጆቻችን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ የምንፈልገው ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ቅጹ ሲሠራ «አባቴ ይህን እንዴት ይሞላዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚያ መኖር አለበት።

ቃሉ ከየት ይምጣ?

ከዚህ ተራራ ወደ ከተማው መካከል ስትሄዱ የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባል መንገድ አለ። እዚያ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የደብረ ገነት ገዳም አለ፤ በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ኤሊዔዜር ቤን የሁዳ ይኖር ነበር። ይህ ሰው በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1922 ድረስ ለዕብራይስጥ ቃላት ሲሰበስብና አዲስ ቃላት ሲፈጥር ኖረ። በቤቱም ከልጁ ጋር በዕብራይስጥ ብቻ ይነጋገር ነበር። ቋንቋ በቤት ማዕድ ላይ ካልተነገረ እንደማይኖር ያውቅ ነበር።

ኮምፒዩተር ከእርሱ ሞት በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ ቃሉን ሌሎች አወጡለት፤ «ማኅሼቭ» አሉት። ይህ ቃል «ኀሻቭ» ከሚለው የተወለደ ነው፤ በግዕዝ ሐሰበ፣ በአማርኛ አሰበ የምንለው፣ ሒሳብም ያልነው ያው ሥር ነው። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ለእናታችሁ «እኔ የምሠራው ለሚያስብ መሣሪያ የሚያስብበትን መንገድ መጻፍ ነው» ብላችሁ ብትነግሩ ይገባታል። ቃሉ የእርስዋም ነው።

ከሥራ ሰዓት በኋላ

ስለ ኑሮው ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ይህ ሥራ ጥሩ ደመወዝ አለው፤ ግን ሁሉ ወርቅ አይደለም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይሰናበታል፤ በ2022 እና በ2023 በዓለም ዙሪያ ይህ ሆኗል። አሁንም ራሱ ኮምፒዩተሩ ፕሮግራም መጻፍ ጀምሯል፤ ሙያው ይጠፋል ወይ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። አጻጻፉ ይለወጣል፤ የተጻፈውን መርምሮ ስሕተቱን የሚያገኝና ለሰው የሚስማማውን የሚወስን ሰው ግን ያስፈልጋል። ትምህርቱ ጠለቅ ያለ ልጅ ይሻላል ማለት ነው።

ቤት ሲገባ ልጁ ወይም ልጅቱ ዐይናቸው ደክሟል። እናት «ምን ሠርተህ ደከመህ? ድንጋይ አልተሸከምክ» ትላለች። በዚያው ሰዓት የቢቱዋህ ሌኡሚን ደብዳቤ እንዲያነብላት ታቀርብለታለች፤ ከዚያ የአጎት ልጅ ሠርግ፣ ከዚያ ሩቅ ከተማ ለቅሶ አለ። እኛ ለቅሶ አንቀርም፤ ይህ ክብራችን ነው። የሥራው አለቃ ግን ሰው ለአባቱ የአክስት ልጅ ለምን እንደሚሄድ አያውቅም። ልጆቻችን በሁለቱ መካከል ይሳባሉ። እንግዲህ ወላጆች ልጆቹ በሥራ ቀን ያልደረሱበትን ለቅሶ ሻባት ከወጣ በኋላ ቢደርሱ እንደ ንቀት አትቁጠሩባቸው። ልጆችም ለአለቃችሁ ባህላችሁን አስረዱ፤ ሳያውቅ እንዲያከብር አትጠብቁ። ሌሊትና በበዓል ቀን ለብልሽት የሚጠሩበት ተራ ያለበት ቦታም አለ፤ ሻባትን የሚያከብር ሰው ይህን ሲቀጠር አስቀድሞ ይነጋገርበት እንጂ ከገባ በኋላ አይጨነቅ።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። በአንድ ትልቅ ፎቅ ላይ ብቸኛው የእኛ ልጅ መሆን። የጽዳት ሠራተኛ መስሏቸው ባልዲው የት እንዳለ የተጠየቁ ልጆች ነግረውናል። ጽዳት ክቡር ሥራ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በዚያ አሳድጋችኋቸዋል። የሚያቆስለው ሰው ቆዳን አይቶ ሥራን መገመቱ ነው። ልጁ ይህን በልቡ ይዞ ቤት ሲገባ ዝም ቢል፣ ዝምታው ኩራት አይደለም።

በሩ የት ነው?

ቁጥራችን ዛሬ ከ160,000 በላይ ሆኖ ሳለ በዚህ መስክ ያሉት ልጆቻችን ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ችሎታ አይደለም። ሥራው በብዛት የሚገኘው «ኀቬር ሜቪ ኀቬር» በሚሉት መንገድ፣ ጓደኛ ጓደኛውን እያስገባ ነው፤ ውስጥ ጓደኛ የሌለው ውጭ ይቀራል። በሠራዊቱ የኮምፒዩተር ክፍሎች ያገለገለ ይቀድማል፤ ወደዚያም የሚያስገባው ፈተና ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ይደረጋል።

ይህን ለመስበር የተነሡ አሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኣሸር ኤልያስ ከጓደኞቹ ጋር ቴክ-ካሪየር የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቋመ። የእኛ ወጣቶች በኪቡጽ ናኅሾን አብረው እየኖሩ ፕሮግራም መጻፍና መፈተን ተምረው ወደ ኩባንያዎች ገብተዋል። ከዚያ የወጡት በተራቸው ለሌላው በር ከፍተዋል።

እኛ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን የምናየው በሩ ከዚያም ቀድሞ፣ በመካከለኛ ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ ነው። ልጆች በሒሳብ ሀክባጻ ይከፈላሉ። ዝቅ ያለው ቡድን ከገቡ ባግሩት ላይ ሐሜሽ የሂዶት መድረስ ከባድ ነው። መምህሩ «እንዳይጨናነቅ ነው» ይላል፤ ወላጅም አምኖ ይፈርማል። ስለዚህ ዕብራይስጥ ባታነቡም ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ፤ ልጄ በየትኛው ሀክባጻ ነው? ወደ ላይ ለመውጣት ምን ይጎድለዋል? ይህን የሚያስተምረው ማን ነው፣ መቼስ ነው? መልሱን በወረቀት ይጻፉላችሁ። ዝቅ ለማድረግ የሚያስፈርማችሁ ካለ በዚያ ቀን አትፈርሙ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ።

በሥራው ላይ ላላችሁ ወጣቶችም አንድ ነገር እንለምናለን። እያንዳንዳችሁ በሰፈራችሁ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያዙ። በሳምንት አንድ ሰዓት ሒሳብ አስጠኑት፤ በዕረፍት ጊዜም ወደ ሥራ ቦታችሁ ውሰዱትና ወንበራችሁን አሳዩት። እናታችሁንም አብራችሁ ውሰዱ። የምትሠሩበትን ጠረጴዛ ትይ፤ ጎረቤት ሲጠይቃት የምትመልሰው ይኑራት።

ሽማግሌዎቻችንን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን፤ ለልጆቻችን ብርታት ይስጥልን።