የታመመውን ለይቶ፣ ጤነኛውን ጠብቆ



በመርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሚሠራ በያጅ አንድ ቀዳዳ ስላገኘ ሙሉውን በርሜል አይጥልም፤ ቀዳዳውን ፈልጎ የተበላሸውን ብቻ ይጠግናል። ገና ያልተዛመተውን የፕሮስቴት ካንሰር ለይቶ የማከም ዘዴም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች ያለ፣ የሽንት ቧንቧን የከበበ የወንዶች ዕጢ ነው። የተለመደው ሕክምና ዕጢውን በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ወይም በሙሉ በጨረር መምታት ነው። ሁለቱም ያድናሉ፤ ነገር ግን ሽንትን የሚገቱት ጡንቻዎችና የግብረ ሥጋ ነርቮች በአጠገቡ ስለሚገኙ፣ ከካንሰሩ የዳነ ሰው ከሌላ ጉዳት ጋር ሊኖር ይችላል። በአዲሶቹ ዘዴዎች ግን የታመመው ክፍል ብቻ ይመታል። ይኸውም በአንድ ነጥብ በተሰበሰበ የአልትራሳውንድ ሞገድ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ ወይም በቀጭን መርፌዎች ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል።

ይሁን እንጂ ሥጋ እንደ ቆርቆሮ አይደለም። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ በዕጢው ውስጥ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይበቅላል። ስለዚህ የኤም አር አይ ምስልና በምስሉ የተመራ የናሙና ምርመራ መቅደም አለባቸው፤ ከሕክምናውም በኋላ ክትትሉ ይቀጥላል።

ቸኩሎ መታከምም ሁልጊዜ ግድ አይደለም። በብሪታንያ 1,643 ወንዶች በዕጣ ለቀዶ ጥገና፣ ለጨረርና ለክትትል ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው የ15 ዓመት ውጤት በካንሰሩ የሞቱት በየምድቡ ከመቶ ሦስት ገደማ ነበሩ፤ የተዛመተባቸው ግን በክትትሉ ምድብ እጥፍ ያህል ሆኑ።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት መሣሪያ ነው። ነገር ግን ብዙው ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከተዛመተ በኋላ ነው። በመርካቶ ሸክም ሲያነሣ የሚውል አባት የወገቡን ሕመም ከሥራው ብዛት ይቆጥረዋል፤ ያ ሕመም ግን አንዳንዴ አጥንት የደረሰ ካንሰር ይሆናል። በሽታው ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው፣ 50 ዓመት የሞላው ወንድ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ፒ ኤስ ኤ ስለሚባለው የደም ምርመራ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

የመሐንዲሱም ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። የምስል መሣሪያ በመለዋወጫና በጥገና እጦት ቆሞ በዋለ ቁጥር፣ ሐኪሙ የሚመታውን ቦታ ያጣል፤ በሽተኛውም የመምረጫ ጊዜው ያልፍበታል።