እንግዳ መምህር በጦርነት ዘመን

(በሬድዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ እኛኑ የሚያሳፍር ነው። የሆነውም ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ፣ እኛ በምናሰግድበት መስጂድ ነው።

በዲሴምበር 2023 የሱዳኗ ወድ መደኒ ከተማ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከከተማዋና ከአካባቢዋ ተሰደደ። ከነዚያ ስደተኞች አንዱ የሒሳብና የዐረብኛ መምህር ነበር። በመተማ በኩል ገባና በወዳጅ ጥቆማ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር እኛ ዘንድ ደረሰ። ጀመዓው ደስ አለው። አንዲት እናት ጤፍ ላኩ፣ አንድ የቡና ነጋዴ ፍራሽ ገዛ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች የቤት ኪራዩን እንችላለን አሉ። መምህሩም ከዐስር ሰላት በኋላ ልጆቻችንን ማስቀራት ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አባት ተቆጥተው መጡ። ልጃቸው ፋቲሓን ሲቀራ «ማሊኪ» የሚለውን «መሊኪ» ብሎታል። «ይህ ሰው ቁርኣን እያበላሸብን ነው!» አሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ዛሬ እኛ ዘንድ ልጆች የሚማሩት ሐፍስ ከዓሲም ያስተላለፉትን አቀራር ሲሆን፣ በሱዳን ብዙ ቦታ የሚቀራው አድ-ዱሪ ከአቡ ዐምር ያስተላለፉት ነው። ሁለቱም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፉ ትክክለኛ አቀራሮች ናቸው። ይህን በመድረሳ ተምረነዋል፣ እናውቀዋለን። ለዚያ አባት ግን በዚያው ቀን መልስ መስጠት ሲገባን «እናየዋለን» ብለን ሸኘናቸው።

እስከ ጁምዓ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። «መንገዱ የተለየ ነው» ተባለ፤ «ሰላይ እንዳይሆን» ተባለ፤ «የኛ ልጆች ዲግሪ ይዘው ተቀምጠው ለውጭ ሰው ደሞዝ?» ተባለ። ኪራይ እንከፍላለን ያሉት ሰዎች ዝም አሉ። መምህሩ ማንንም አልተናገረም። የልጆቹን ደብተር አርሞ ጨርሶ፣ የቤቱን ቁልፍ ለሙአዚኑ አስረክቦ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሲራውን እንደገና ስናነብ ቀድሞ በጥድፊያ ያለፍናቸው ቦታዎች ቆም አደረጉን። የነጃሺንና የሙሃጂሮቹን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም። የመዲናን እንይ።

ከሒጅራ ጥቂት ዓመታት በፊት የመዲና ሁለት ነገዶች፣ አውስና ኸዝረጅ፣ በቡዓስ ጦርነት ተላልቀው ነበር። ቁስሉ ገና ሳይደርቅ፣ በ621 ገደማ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ.) ቁርኣን እንዲያስተምር ላኩት። ሙስዐብ የመካ ሰው ነው፤ ለከተማዋ እንግዳ። አስዐድ ኢብኑ ዙራራ (ረ.ዐ.) በቤቱ አሳረፈው። የሲራ ጸሐፊዎች ሰላት የሚያሰግዳቸው እሱ እንደነበር ይናገራሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ነገድ በሌላው ነገድ ሰው መመራትን አይወድም ነበር። እንግዲህ አስተውሉ። እኛ በዚያ መምህር ላይ እንደ ጉድለት የቆጠርነው እንግድነት፣ ለመዲና ሰዎች መድኃኒት ሆነ። ከማንም ወገን ያልሆነ ሰው በሁሉም ልጆች ፊት ሊቆም ይችላል። በሀገራችን በዘር መተያየት በበዛበት በዚህ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይር ጦሩን ይዞ ሙስዐብን ሊያባርር ሲመጣ፣ እስቲ ተቀመጥና ስማ፣ ካልወደድከው እንተወዋለን የሚል መልስ ነው ያገኘው። ተቀመጠ፣ ሰማ፣ ሰለመ። እኛስ ያን አባት ከመምህሩ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ አስቀምጠናቸዋል? አላስቀመጥናቸውም።

ከበድር ዘመቻ በኋላም (በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ) ከተማረኩት ቁረይሾች ቤዛ የሌላቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችሉት፣ እያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። እነዚህ እኮ ትናንት ሰይፍ የመዘዙ ሰዎች ናቸው!

ተቃራኒው ታሪክ ደግሞ የቢእር መዑና ነው። በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ አቡ በራእ የተባለ የነጅድ አለቃ ከለላ እሰጣለሁ ብሎ፣ ሰባ የሚደርሱ ቁርራኦች ለማስተማር ተላኩ። የገዛ ወንድሙ ልጅ ያን ከለላ ጥሶ ሌሎች ጎሣዎችን አስነሣባቸው፤ መምህራኑም ተገደሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገዳዮቹ ላይ ለአንድ ወር ያህል ቁኑት አድርገዋል። ለመምህር ከለላ እሰጣለሁ ብሎ አለመጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር አናውቅም።

ወደ ጅማችን እንመለስ። በ1878 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ነገሮች ሆኑ። በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ፤ እምቢ ያሉት ተዋጉ ወይም ተሰደዱ። በዚያው ዓመት በጅሬን ወጣቱ አባ ጅፋር ሁለተኛ ነገሡ። ያኔ ጅማ ራሷን የቻለች መንግሥት ነበረች፤ ለወሎ ሰው ባዕድ አገር ናት። ከተሰደዱት ዑለማእ መካከል ግን ወደዚህ የመጡ ነበሩ፤ ቂርኣት ዘርግተው አስተማሩ። አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ መንግሥታቸውን ከውጊያ አተረፉ። በ1897 ጎረቤታችን ከፋ በጦርነት ስትወድም እንኳ በጅማ ደረሳው ኪታቡን አልዘጋም። ጅማ የዒልም መዲና የሆነችው ከሌላ አገር የመጣውንም ዓሊም አስጠግታ ነው።

ዘመኑ ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በሒርማታ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም።

«ታዲያ የመጣውን ሁሉ እንቀበል?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን ሲይዝ መስጂድ ሠርቷል፣ ለሙስሊም ልጆች ዐረብኛ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፍቷል። ዓላማው ሙስሊሙን ከወገኑ ለይቶ ከጎኑ ማሰለፍ ነበር። በሌላ በኩል በ1952 በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡ መምህራን አስተምረውበታል፤ የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ሥሩ እዚያ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው የመምህሩ አገር ሳይሆን ማን እንደላከው፣ ምን እንደሚያስተምርና እንዴት እንደሚያስተምር ነው። ይህን ደግሞ በቡና ቤት ወሬ ሳይሆን ከዓሊሞች ጋር አስቀምጦ፣ ክፍል ገብቶ አዳምጦ ማወቅ ይቻላል።

ሥራ ስላጡት ልጆቻችን የተነሳው ቅሬታ እውነት አለው፤ አናጣጥለውም። ነገር ግን መምህሩ በሄደ ማግስት ያቺን የዐስር ሰዓት ክፍል የያዘ አንድም ባለ ዲግሪ አልመጣም። ሁለቱን አብሮ መቅጠር ይቻል ነበር፤ ልጆቻችንም ከእንግዳው ዐረብኛ በተማሩ ነበር።

በመስጂዳችን አሁን የተስማማነውን እንንገራችሁ። ከመስጂዱ ጀርባ ያለው ክፍል ለመምህር እንግዳ ተለቅቋል። ኪራይ በሚል የሰው ፊት የሚያይበት ምክንያት አይኖርም። ስደተኛ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ሄደው በስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት መመዝገቡን ያረጋግጣሉ፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሥራን በሚመለከት የሚፈቅደውንም አብረው ይጠይቃሉ። ደሞዙ በቡና ወቅት ተሰብስቦ ለዓመት ይቀመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ኪስ ሲደርቅ መምህር እንዳይራብ። በትምህርቱ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በዚያው ቀን ከመግሪብ በፊት ወደ ኢማሙ ይመጣል፤ ኢማሙም በዚያው ቀን ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው በእኛ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው።

ለዚያ መምህር በወዳጆቹ በኩል ይቅርታ ልከንበታል። እስካሁን መልስ አልመጣም። ክፍሉ ግን ተጠርጎ ቁልፉ ሙአዚኑ ዘንድ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።